የወይዘሮ ስሙኒ የሕይወት ታሪክ

ወዳጅ ዘመዶች፣ የእድራችን አባላት፤ ከድንኳኑ ውጭ የቆማችሁ ገባ በሉ፣ ወንበር አለ። ስልካችሁንም ድምፁን አጥፉልን፤ በተለይ ብር ይገባልኛል ብላችሁ የምትጠብቁ።

የሕይወት ታሪካቸውን እንዳነብ የተመረጥኩት የቅርብ ዘመድ ሆኜ አይደለም። አስከሬናቸውን ያገኘሁት እኔ ስለሆንኩ ነው። ለበዓል ቤት ስናጸዳ ሶፋው ሥር፣ አንድ የሸሚዝ ቁልፍ አጠገብ፣ አቧራ ለብሰው በደረታቸው ተደፍተው ነበር። ጠርጌ ሱቅ ወሰድኳቸው። ባለሱቁ ገልበጥ አድርጎ አያቸውና ለልጁ አሳየው። ልጁ፣ ስምንት ዓመት ይሆነዋል፣ "ምንድን ነው?" አለ። መሞታቸውን ያረጋገጥኩት ያኔ ነው።

ወይዘሮ ስሙኒ፣ በመዝገብ ስማቸው ሃያ አምስት ሳንቲም፣ ከታላቅ ቤት የተወለዱ ነበሩ። በአንድ በኩል ሲቆጠሩ ከአሞሌ ጨው፣ በሌላ በኩል ከባሕር ማዶ መጥቶ እዚሁ ከተዛመደን ከጠገራ ብር ይደርሳሉ። እሳቸው የተወለዱት ጣሊያን ከወጣ በኋላ ነው፤ ቅርጻቸው ላይ 1936 ዓ.ም. ተብሎ ተጽፏል፤ የጃንሆይ መልክም ነበረባቸው። በወጣትነታቸው እሳቸውን ሽልንግ፣ ማለትም ሃምሳ ሳንቲም፣ ናቸው እያሉ የሚያጭበረብሩ ሰዎች ስለበዙ፣ ጠርዛቸው እንደ አበባ ተቆርጦ እንደገና ወጡ። ያ ጌጥ የመጣው እንግዲህ ከውበት ሳይሆን ከሌባ ነው።

በ1969 ዓ.ም. ደርግ ልብስ አስቀየራቸው። በአንድ ፊት የአንበሳ ራስ፣ በሌላው ደግሞ እጃቸውን ወደ ላይ የዘረጉ ወንድና ሴት። ያን ጊዜ የድል ምልክት ነበር የሚባለው። ዛሬ አተኩሬ ሳያቸው ግን የሽንኩርት ዋጋ የሰሙ ባልና ሚስት ይመስሉኛል። አንድ ነገር ግን ለደርግም አልሆነለትም። ንጉሡን ከዙፋን አወረደ፣ ከሳንቲሙም አወረደ፤ የሰፈር ልጆች ሳንቲም ወደ ላይ ሲወረውሩ ግን "ዘውድ ወይስ ጎፈር?" ማለታቸውን ቀጠሉ። ዘውድ የሌለበትን ሳንቲም እየወረወሩ ስንት ዓመት ሙሉ በዘውድ ተወራረዱ!

ሟች ጉልበት በነበራቸው ዘመን ለብቻቸው ወጥተው ዳቦ ገዝተው ይመለሱ ነበር። አንበሳ አውቶቡስ ላይ ትኬት ይቆርጡ ነበር። በበዓል ቀን አንድ ልጅ እሳቸውን በጡጫው ይዞ ሲሮጥ ያየ ሰው፣ ልጁ ርስት የወረሰ ይመስለው ነበር።

እንደሳቸው ቤተሰብ ምጽዋት የሚያውቅ ግን አልነበረም። የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ጨርቅ ዘርግተው፣ ሳንቲሙን እንደ ምስር ክምር በክምር ደርድረው የሚዘረዝሩ ሰዎች ትዝ ይሏችኋል? አንድ ብር ትሰጣለህ፣ ዘጠና ሳንቲም ትቀበላለህ። አስሯ ሳንቲም የዘርዛሪው ናት። አያቴ፣ ነፍሷን ይማር፣ ይህን ንግድ ስትረግም ኖራ በየሳምንቱ ግን ትዘረዝር ነበር። ዘጠናውን ሳንቲም በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ፣ ከመጀመሪያው ነዳይ እስከ መጨረሻው አንድም ሰው ሳትዘል አምስት አምስት ሳንቲም ታዳርሳለች። አንድ ቀን ሁለት ሰው ሲቀር ሳንቲሙ አለቀባት። ተመልሳ ወርዳ ሌላ ብር ዘረዘረች። በአንድ ብር አሥራ ስምንት ሰው "እግዜር ይስጥልኝ" የሚልበት ዘመን ነበር። አሁን እዚያው አጥር ላይ ትልቅ ባነር ተሰቅሏል፤ በ1000 የሚጀምር የባንክ ሒሳብ ቁጥር አለበት። ነዳዮቹ ባነሩ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል።

የታክሲውንም ሳላነሳ ባልፍ ሟች ይታዘቡኛል። ታሪፉ 1 ብር ከ50 በነበረ ጊዜ እኔና አንዲት የማላውቃት ልጅ ሁለት ሁለት ብር ሰጠን። ረዳቱ አንዲት ጨምዳዳ የአንድ ብር ኖት፣ ያ የልጅ ምስል ያለባትን፣ በሁለታችን መካከል ይዞ "ለሁለት ተካፈሉ!" አለና ፊቱን አዞረ። እንዴት ነው አንድ ወረቀት የምንካፈለው? አራት ኪሎ አብረን ወረድን። የመጀመሪያው ሱቅ "ዝርዝር የለም"። ሁለተኛው "ዕቃ ካልገዛችሁ አልዘረዝርም"። በመጨረሻ ብሯ ሁለት ማስቲካ ሆነችና አንድ አንድ ደረሰን። እስከዚያ ሱቅ ድረስ የሥራ ፈተና ልትፈተን እንደምትሄድ፣ እናቷ ስለት እንደተሳሉላት፣ ጫማዋም የእህቷ እንደሆነ ነግራኝ ነበር። ስሟን ሳልጠይቅ ተለያየን። ይህን ሁሉ ያደረገው የሃምሳ ሳንቲም ክርክር ነው። ዛሬ አብሮኝ የሚቀመጠው ተሳፋሪ ሒሳቡን በስልኩ ልኮ፣ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ ሜክሲኮ ላይ እንደ ጥላ ይወርዳል። ስለ እናቱ ምንም የማውቀው ነገር የለም።

ስለ አሟሟታቸው ብዙ ስለተወራ እዚህ ላይ ግልጽ መሆን አለብኝ። ሐኪም ነን ባዮቹ የሞት ምክንያት ብለው የጻፉት "ዲጂታል ክፍያ" የሚል ነው። በወሬ ደረጃ ያምራል፤ ለስብሰባም ይመቻል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ወይዘሮ ስሙኒ ከአልጋ ከዋሉ ብዙ ዓመት ሆኗቸው ነበር። ቴሌብር ሬሳ ተሸካሚ ነው እንጂ ገዳይ አይደለም። ከ50 ሚሊዮን በላይ ደንበኛ ስላለው ተሸካሚ አልጠፋም፤ ለዚያም እናመሰግናለን።

የገደላቸው የኑሮ ውድነት ነው። ቀስ ብሎ ነው የገደላቸው። መጀመሪያ ዳቦው ከእሳቸው ጋር መነጋገር አቆመ፣ ከዚያ አውቶቡሱ፣ በመጨረሻ ነዳዩ ሳይቀር መዳፉን ሲያይ ፊቱን ማጥቆር ጀመረ። አንድ ብር ከወረቀትነት ወርዶ ሳንቲም ሲሆን፣ ሟች ከአልጋቸው ቀና ብለው "እንኳን ደህና መጣህ ልጄ" አሉት ይባላል። በመስከረም 2013 ዓ.ም. ባለ 200 ብር ኖት ሲወጣ ግን ጭራሽ ቀና አላሉም፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቆ ባንክ ቤት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዓመት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሲሆን ወይዘሮ ስሙኒ ይህንን አላዩም። ያም ቢሆን አንድ ደግ ነገር ነው።

የሚገርመው አዋጅ እንኳ አልወጣባቸውም። ሲሾሙ በአዋጅ ነበር፤ ሲሞቱ የቀበረ የለም፣ ጥሩምባ የነፋ የለም። መሳቢያ ውስጥ፣ ሶፋ ሥር፣ የአሮጌ ኮት ኪስ ውስጥ ነው የቀሩት። አፋችን ውስጥ ግን አሁንም አሉ። ኪሱ ውስጥ ሁለት ሺህ ብር ያለው ሰው "አምስት ሳንቲም የለኝም" ይላል። ዕቃ ሲንቅ "ስሙኒ አያወጣም" ይላል። በአምስት መቶ ብር የማይገዛውን ዕቃ ማለቱ ነው።

ሟች ካፈሯቸው ልጆች መካከል "ዝርዝር የለኝም" የሚለው ስመ ጥር ልጃቸው አሁን ስሙን ለውጦ "ኔትወርክ የለም" ተብሏል። ሙያው ግን ያው ነው። ሌላዋ ልጃቸው ሽልማት በሠርግ ቤት ተቸግራ ትገኛለች። ባለፈው አንድ ሠርግ ላይ አጎት ተነስቶ እየጨፈረ ወደ ሙሽራው ሄደ። እንደ ወጉ ግንባሩ ላይ ብር ሊለጥፍ ኪሱን ዳበሰና ስልኩን ብቻ አገኘ። ትንሽ አሰበና ብሩን በስልኩ ልኮ፣ የላከበትን ስክሪንሾት ከፍቶ ስልኩን ሙሽራው ግንባር ላይ አስደገፈ። እልልታው ለአንድ አፍታ ጸጥ አለና ቀጠለ።

አንድ ኑዛዜ ነበራቸው። ወይዘሮ ስሙኒ "ስሞት ሰው እንዲካፈለኝ እንጂ እንዳይጣላብኝ" ብለዋል አሉ። እኔ አላመንኩም። ሰባ ዓመት ሙሉ ሰው ሲያጣሉ ነው የኖሩት፤ ከዚያም ሲያስታርቁ።

ነፍሳቸውን ይማር። እናንተንም ያጥናችሁ።

ንፍሮ ከድንኳኑ በስተቀኝ አለ። የእድር መዋጮ በቴሌብር ነው፤ ስክሪንሾቱን ለጸሐፊው ላኩ። ጥሬ ገንዘብ ይዛችሁ የመጣችሁ ግን ልክ ልኩን አዘጋጁ፤ መልስ የለንም።