አደራ እቴቴ፣ እንዳያጥቡብኝ!

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት እቴቴ፤ ኮልፌ ቀራንዮ፣ አጠና ተራ።

እኔ ከናፍቆታችሁና ከቪየና ብርድ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ። የላኩልኝ ሽሮ፣ ድርቆሽና በርበሬ በሙሉ ደርሶኛል። ሳንቲሞቹም ደርሰዋል፤ ብዕር ያስጨበጠኝም የእነሱ ጉዳይ ነው።

«ልጄ አሮጌ ገንዘብ ይሰበስባል» ብለው ሰፈሩን እስከ አየር ጤና ድረስ ማስፈተሽዎን ሰምቻለሁ። ዕድሜ ይስጥልኝ። ግን ሳንቲም ከእርስዎ ቤት ሲወጣ እንደ ሙሽራ ተኩሎ ካልሆነ አይወጣም።

ስሙኒዋን ፈታሽ እንዳያያት ብለው በርበሬው መሀል ቀብረዋታል አሉ። ብልሃትዎ ሠርቷል፤ ፈታሽ አላያትም፣ እኔም አላየኋት። ያገኛት እሑድ ወጥ የጋበዝኩት ኦስትሪያዊ ጎረቤቴ ነው፤ በጥርሱ። የጃንሆይ ጊዜዋ ባለ ጥርስ ስሙኒ ስለሆነች ጥርስ ከጥርስ ተገናኘ። ሰውየው የአገራችን ወግ መስሎት አመስግኖኛል፤ እኔም አላረምኩትም። ይህች ስሙኒ መጀመሪያ ዳሯ ድፍን ክብ ነበር። ከብር ከተሠራው ሽልንግ ጋር ስለምትመሳሰል ብልጣ ብልጦች ብር እየቀቡ «ሽልንግ ናት» ብለው ሲያሳልፏት ጊዜ፣ መንግሥት ዳሯን አስሸረፈው። ታዲያ ያንን ሁሉ ያለፈች መዳብ ከበርበሬው ጨው ጋር ከርማ አረንጓዴ አብቅላለች።

የአፄ ምኒልክ ግርሽ ደግሞ ተበስታ ቁልፍ መያዣ ሆናለች። የምኒልክን ገንዘብ የሚሰበስብ ሰው እንቅልፍ የሚያጣው አንበሳው ያነሣው ግራ እግሩን ነው ወይስ ቀኙን በሚለው ነው። የብየዳ ቤቱ ልጅ መሰርሰሪያውን ያሳለፈው ልክ እግሩ ላይ ነው! ለልጁ ግን ሰላምታዬን ይንገሩልኝ፤ ቀዳዳው እንከን የለውም።

የአክስቴ ልጅ በ1969 ዓ.ም. የወጡትን የደርግ ሳንቲሞች የኢትዮጵያ ካርታ በሚመስል እንጨት ላይ በሱፐር ግሉ ለጥፎ ልኮልኛል። አሥር ሳንቲሙ ላይ ያለውን የደጋ አጋዘን ባሌ ላይ ማድረጉን አደንቃለሁ፣ ጂኦግራፊ ተምሯል። አንበሶቹ ሁሉ ግን በፊታቸው ሙጫ ውስጥ ተደፍተዋል።

ማርትሬዛዋ ላይ ስደርስ እንባዬ መጣ። በአመድና በሎሚ ፈትገው፣ ፈትገው፣ እንደገና ፈትገው እንደላኳት ያስታውቃል። ሳያት የራሴን ፊት አየሁባት፤ የእሷን ግን አጣሁት።

እቴቴ፣ ብሯ ላይ ያለችው ወይዘሮ እኮ የዚህ ከተማ ልጅ ናት። እዚሁ ቪየና ተወልዳ፣ 16 ልጆች ወልዳ፣ በ1780 እ.ኤ.አ. እዚሁ ሞተች። ሥራ ስሄድ በሁለቱ ትልልቅ ሙዚየሞች መሀል ሐውልቷ ዙፋኑ ላይ ተቀምጦ አየዋለሁ። እሷ ብትሞትም ብሯ ያንኑ 1780 እንደያዘ መመታቱን አላቆመም፤ የቪየናው ገንዘብ ማተሚያ ዛሬም ይመታዋል። በ1935 እ.ኤ.አ. ሙሶሊኒ አገራችንን ሊወር ሲሰናዳ ቅርጹን ከኦስትሪያ አስፈቅዶ ሮም ያስመታ ጀመር፤ እንግሊዞችም ተከትለው ለንደን መቱት። እንግዲህ የላኩልኝ ብር ከየትኛው ከተማ እንደመጣች የሚነግረን የንስሩ የጅራት ላባና የትከሻዋ ጌጥ ዕንቁ ነበር። አመዱ የበላው እነዚያን ነው። ምናልባት የሙሶሊኒን ብር ይሆናል በሎሚ ያጠቡለት፤ ማን ያውቃል?

ድሮ የኛ ሰው ዕንቁዎቹ በጉልህ ካልታዩት ብሩን አልቀበልም ይል ነበር፤ በዚያ ዘመን የመጡ የውጭ ተጓዦች ጽፈውታል። ይህችን ብር ይዘው ያኔ ገበያ ቢወጡ፣ አንድ አሞሌ እንኳ የሚሸጥልዎት አያገኙም። የዛሬውም ነጋዴ ያው ነው። እዚህ አንዱ ዘንድ ብወስዳት በማጉያ መነጽር አየት አደረገና ሚዛን ላይ ጣላት፤ «28 ግራም» ብሎ የብሩን ዋጋ ብቻ ነገረኝ። አልሸጥኳትም።

ስለዚህ እቴቴ፣ ከእንግዲህ ያገኙትን ከነእድፉ ይላኩልኝ። ጥቁር ይሁን፣ ጭስ ይሽተት። ቅድመ አያት በማተብ አንገታቸው ላይ ያሰሯት፣ ዳሩን ክር የበላው የጥንት ቀዳዳ ያላት ብር ካለች በደስታ እቀበላለሁ። የማልፈልገው ባለፈው ማክሰኞ የተበሳውን ነው።

ናፋቂ ልጅዎ።

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ፣ ሁለተኛዋን ማርትሬዛ ለእጮኛዬ የጆሮ ጌጥ እንድትሆን አንጥረኛ ቤት መስጠትዎን ዕቃውን ያመጣችልኝ መልእክተኛ ነገረችኝ። እባክዎ እሳቱ ሳይነድ ይድረሱባት! ደብዳቤው እስኪደርስ አልጠብቅም ብዬ እርስዎ ጋ ደውዬ ነበር፤ ያነሣው አንጥረኛው ነው። ስልክዎን እዚያ ረስተውት ኖሯል፣ ብሯም ቀልጣ አልቃለች። ቀለበት ይጨመር ወይ ብሎ ጠይቆኛል።