ድጋፍን ከልጆች ማራቂያ መመሪያ

ለልጆችና ለቤተሰብ የተመደበ ገንዘብ ሳይሰረቅ፣ ደረሰኙ ሳይጎድል፣ ኦዲቱም ንጹህ ሆኖ ልጁ ዘንድ ሳይደርስ ሊቀር ይችላል። ይህን የሚፈልግ ለጋሽ ክፉ ሰው መሆን አይጠበቅበትም፤ አሠራሩን ብቻ እንደሚከተለው ያበጀው።

መጀመሪያ በሩን ያጥብብ። ፕሮፖዛሉ በእንግሊዝኛ ይጻፍ፣ የሦስት ዓመት የኦዲት ሪፖርት ይያያዝበት። ያኔ በሰፈሩ የትኛው ቤት እሳት ሳይነድ እንደዋለ የምታውቀው ሴት ከደጅ ትመለሳለች፤ ፕሮፖዛል ጸሐፊ መቅጠር የቻለ ድርጅት ይገባል። ክብርት ዶክተር አበበች ጎበና በ1972 ዓ.ም. ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ ወሎ ወርደው፣ ረሃብ ካጠቃው አገር ሁለት ሕፃናት ይዘው አዲስ አበባ ሲመለሱ፣ ኦዲት ቀርቶ በስማቸው የተመዘገበ ድርጅት እንኳ አልነበራቸውም። በዓመቱ ቤታቸው ያሉት ልጆች 21 ደረሱ። ትዳራቸውን አጡበት። ዛሬ አጎሄልማ እየተባለ የሚጠራው ማኅበር የበቀለው ከዚያ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ዛሬም በየሰፈሩ አለ፤ መስፈርቱ ግን አያየውም። እድር ለሐዘንተኛ ገንዘብ ሲያወጣ ሠላሳ ገጽ አያስጽፍም፤ ዳኛውና ጸሐፊው ቤቱን ያውቁታል። ኤች አይ ቪ ወላጆችን በጨረሰባቸው ዓመታት ብዙ እድሮች ከቀብር አልፈው የሟች ልጆችን ወደ መደገፍ የገቡት በዚሁ እውቀት ነበር። ለመነሻ የሚሆን አነስተኛ ድጋፍ በአንድ ገጽ ማመልከቻና በጎረቤት ምስክርነት መስጠት የማይቻልበት ምክንያት የለም።

በሩን ካጠበበ በኋላ፣ የአስተዳደር ወጪ የሚባለውን ለጋሹ እንደ ጠላት ይቁጠረው። ይህ ምክር በአገራችን ሕግ ሆኖ ያውቃል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 ለአስተዳደር ከ30 በመቶ በላይ እንዳይወጣ ደነገገ። ሰባ ሠላሳ እየተባለ የሚታወሰው መመሪያ ደግሞ ለፕሮጀክቱ የሚደረገውን ጉዞና ክትትል ሳይቀር ከአስተዳደር ደመረው። በዚያው አዋጅ፣ ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ አገር የሚያገኝ ድርጅት በሕፃናት መብት ላይ እንዳይሠራ ተከለከለ። ልጅን ማብላት ተፈቀደ፤ መብቱ ሲጣስ መናገር ተከለከለ። ክልከላውን ያነሣው በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1113 ነው። የአስተዳደር ወጪ ጣሪያውን ወደ 20 በመቶ ቢያወርደውም፣ ለፕሮጀክት ሥራ የሚወጣውን ግን ከአስተዳደር ለየው።

ሕጉ ተለወጠ፣ ልማዱ ግን በብዙ ለጋሾች ቅጽ ላይ አለ። ምን ላይ እንደሚያርፍ ለማየት አንዲት ሶሻል ወርከር ለግማሽ ቀን መከተል ይበቃል። ጠዋት ከመገናኛ ታክሲ ትሳፈራለች፣ ወርዳ በእግሯ ዳገቱን ትወጣለች። በመጀመሪያው ቤት እናትየው እንጀራ ጋግራ ለማስረከብ ትጣደፋለች፤ ትንሹ ልጅ ትኩሳት ይዞት ተኝቷል። ጤና ጣቢያ አብራ ትሄዳለች፣ ወረፋ ትይዛለች፣ ለመመለሻው ከኪሷ ትከፍላለች። የታክሲው ረዳት ደረሰኝ አይቆርጥምና ገንዘቡ አይወራረድላትም። በሪፖርቱ ላይ ይህ ሁሉ ውሎ አንድ የቤት ለቤት ጉብኝት ይባላል። ለአስተዳደር ነው ተብሎ የተቀነሰው ገንዘብ የእርሷ ደመወዝና ትራንስፖርት ነው። የተሻለ ክፍያ አግኝታ ስትለቅ፣ የዚያ ልጅ ነገር የገባው ሰው አብሮ ይሄዳል፤ እናትየውም ችግሯን ለአዲስ ሰው ከሀ ጀምራ መናገር አለባት።

አሜሪካም ከዚህ ልማድ አላመለጠችም። በ2013 እ.ኤ.አ. ጋይድስታር፣ ቻሪቲ ናቪጌተርና ቢቢቢ ዋይዝ ጊቪንግ አሊያንስ፣ ድርጅቶችን እየመረመሩ ለለጋሾች መረጃ የሚሰጡት ሦስቱ ተቋማት፣ ድርጅትን በአስተዳደር ወጪው ልክ ብቻ አትመዝኑት ሲሉ ለአገሩ ለጋሾች በጋራ ግልጽ ደብዳቤ ጻፉ። የፌዴራሉ መንግሥትም የራሱ ስምምነት ለሌለው ተረጂ ድርጅት ለቀጥተኛ ላልሆነ ወጪ የሚፈቅደውን መነሻ ምጣኔ ከጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ10 ወደ 15 በመቶ ከፍ አደረገው።

ለጋሹ ሕንፃም ይውደድ። ሕንፃ ይመረቃል፣ ሪባን ይቆረጥበታል፣ ስም ይጻፍበታል። ለአንዲት እናት የቤት ኪራይና የጉልት መነሻ ቢሰጥ ግን የሚመረቅ ነገር አይኖርም፤ ልጆቿ እቤታቸው ያድራሉ፣ በቃ። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2009 እ.ኤ.አ. ያጸደቀው የአማራጭ ክብካቤ መመሪያ፣ ድህነት ብቻውን ልጅን ከወላጁ ለመለየት ምክንያት መሆን እንደሌለበት፣ ይልቁንም ቤተሰቡ መደገፍ እንዳለበት ይናገራል። ለማሳደጊያ አልጋ ብቻ የሚከፈል ገንዘብ ካለ፣ የቸገራት እናት ልጇን ወደ አልጋው ታመጣለች። ይህ በልጅ ላይ የሚደርስ ትልቅ በደል ነው፤ የሚፈጸመውም በቅን ልቦና ነው።

የቀን አቆጣጠሩንም ለጋሹ በራሱ አገር በጀት ይምራው። ትምህርት መስከረም ይከፈታል፤ ወላጅ የሚጨነቀው ነሐሴ ላይ ነው። ውሉ በጥር ተፈርሞ ገንዘቡ በመጋቢት ከተለቀቀ፣ ደብተሩ የሚታደለው ዓመቱ ከተጋመሰ በኋላ ነው። ያኔም ልጆቹ ባነር ሥር ተሰልፈው ደብተራቸውን ወደ ካሜራ ያነሣሉ። በሰልፉ ያለው ልጅ ፎቶውን ነገ የክፍል ጓደኞቹ ያዩታል፤ ተረጂ መሆኑን እንዲያውቁ ይፈልግ እንደሆነ የጠየቀው የለም።

ከሁሉ በላይ ውሉ የአንድ ዓመት ይሁን። ድርጅቱ ስድስቱን ወር ይሥራ፣ ስድስቱን ወር ቀጣይ ፈንድ ያሳድድ።

በዚህ ሁሉ ተቃራኒ የሚሄድ አሠራር ተሞክሯል። አሜሪካዊቷ ባለጸጋ ማኬንዚ ስኮት ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምራ የምትሰጠው ገንዘብ በአብዛኛው ይህን ብቻ ሥሩበት የሚል ገደብ የለበትም። ድርጅቷ ዪልድ ጊቪንግ፣ አቅም ያነሳቸውን ሰዎችና ቤተሰቦች ለሚያግዙ የአሜሪካ የማኅበረሰብ ድርጅቶች ባወጣው ጥሪ 6,353 አመልካቾች ቀርበው፣ በመጋቢት 2024 እ.ኤ.አ. 361 ድርጅቶች በድምሩ 640 ሚሊዮን ዶላር አግኝተዋል። የዚህ መቶኛ ክፍል የሌለው ለጋሽም ቢሆን ሊያደርገው የሚችለው ብዙ ነው፤ የአንዲት ሶሻል ወርከርን የሦስት ዓመት ደመወዝ በጀቱ ውስጥ ማስገባት፣ የታክሲ ሂሳቧን ያለ ደረሰኝ በፊርማዋ ማወራረድ፣ ገንዘቡን ሐምሌ ላይ መልቀቅ።