ሰሚ ያጣ ጥናት

ኧረ በዛ! ኢንተርኔት የማይገባበት ዕቃ ጠፋ። ቴሌቪዥኑ፣ የበሩ ደወል፣ አምፖሉ ሳይቀር ስልክ ቁጥርና ፓስወርድ ይጠይቃል። ሁላችንም ተሰላችተናል። ይባስ ብሎ ይህን ሁሉ ጠይቆ ራሱን ከሌባ አይጠብቅም።

ግቢያችን በር ላይ ካሜራ የገጠመው ልጅ ፓስወርዱን ከአንድ እስከ ስድስት ደርድሮ ሰጠኝ። ይቀየር ብለው «እንዳይጠፋብዎት ብዬ ነው ጋሼ፣ ሁሉም ጋ እንደዚህ ነው» አለኝ። ሁሉም ጋ እንደዚህ መሆኑ እኮ ነው ጭንቁ!

የሚያንገበግበኝ ደግሞ ነገሩ ድንገተኛ አለመሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከመንገድ ባለሥልጣን ፈቃድ ተቀብለው ወደ 100 የሚጠጉ የትራፊክ መብራቶች የተያያዙበትን መረብ ፈተሹ። መብራቶቹ የሚገናኙበት ሬዲዮ ለማንም ክፍት ነበር፤ ፓስወርዱም ከፋብሪካ እንደወጣ አልተነካም። በአንድ ላፕቶፕ መብራቱን እንደፈለጉ መቀያየር ቻሉ። ችግሩ ሲነገረው ከሻጮቹ አንዱ ምን ቢል ጥሩ ነው? የሠራሁት የዘርፉን ደረጃ ጠብቄ ነው፣ ደረጃው ደግሞ ደኅንነትን አይጨምርም አለ። ሰው የሚያቋርጥበት መንገድ ላይ ለሚተከል ዕቃ እንዲህ ያለ መልስ ይሰጣል?

ጥናቱ ጆሮ ዳባ ልበስ ተባለና በ2016 ሚራይ የተባለው ቫይረስ መጣ። ምንም የረቀቀ ነገር የለውም፤ ከፋብሪካ የወጡ 60 ያህል ስሞችንና ፓስወርዶችን እየሞከረ ካሜራና ራውተር ውስጥ ገባ። ተመራማሪዎች እንደቆጠሩት በአንድ ወቅት 600,000 ያህል ዕቃዎችን ይዞ ነበር። በእነዚያው ዕቃዎች በተሰነዘረ ጥቃት በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ትዊተርና ኔትፍሊክስ ለብዙ ሰው ለሰዓታት አልከፍት አሉ። የካሜራው ባለቤት ግን ካሜራው ለማን እንዳደረ እንኳ አያውቅም።

ብሪታንያ በቀላሉ የሚገመት የፋብሪካ ፓስወርድ ያለው ዕቃ እንዳይሸጥ የከለከለችው በ2024 ነው። ከሚሺጋኑ ጥናት 10 ዓመት በኋላ! ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

እንዲህ ያለው ሕግ ሁሉም ጋ እስኪደርስ ሸክሙ እኛው ላይ ነው። ፓስወርድ ቀይሩ፣ አፕዴት አድርጉ ይሉናል። እሺ፣ እናድርግ። ሻጩ አፕዴት መላክ ያቆመበትን ዕቃስ ምን እናድርገው? ጡረታ የወጡት እናታችን የራውተር ቅንብር ውስጥ ገብተው ምን ያስተካክሉ?

አሁን በአዲስ አበባ የኮሪደር መንገዶችም ላይ ካሜራ እየተተከለ ነው። መብራቱም ካሜራውም ይምጣ፣ ማንም አይጠላም። ግን በጅምላ ከመገዛቱ በፊት የዩኒቨርሲቲዎቻችን ተመራማሪዎች አንዱን ፈትተው ይመርምሩት። ሻጩም ለስንት ዓመት አፕዴት እንደሚልክ፣ ጉድለት ሲገኝ በስንት ቀን እንደሚያስተካክል ውሉ ላይ ይጻፍ። እምቢ ካለ አይገዛ።