በስተርጅና የገቡብኝ ደባሎች

የጅቡቲው ሰፈሬ ካርቲየ 7 ቢስ ያልቻለው ጉድ የለም። ሙቀቱን ችሏል፣ የመብራት መጥፋቱን ችሏል፣ ቀትር ላይ ጫት ሲዘገይ የሚነሳውን ጩኸትም ችሏል። አሁን ደግሞ የጥንቸል ቤት ምርጫ መጣብን። የልጅ ልጄ፣ ዕድሜ ይስጣትና፣ ሁለት ጥንቸል ታቅፋ ገባች። «የት ሊያድሩ ነው?» ብላት «እሱን እርስዎ ያውቃሉ፣ አባባ» አለችኝ። ዘንድሮ ሽማግሌ የሚከበረው ጣጣ ሲመጣ ብቻ ነው።

በእኛ ጊዜ እንስሳ ደጅ ያድር ነበር። እዚህ ግን ደጁ ምጣድ ነው። አገር ቤት ክረምት ገብቶ ሰው ጋቢ ሲደርብ፣ እኛን ካምሲን የሚሉት ንፋስ ከ40 ዲግሪ በላይ ይለበልበናል። ጥንቸል ደግሞ እንደ ሰው አልቧት አትቀዘቅዝም፤ ሙቀቷን በአብዛኛው የምታወጣው በጆሮዋ ነው። 30 ዲግሪ ካለፈ ታለከልካለች፣ ከባሰም ትሞታለች። ስለዚህ የቆርቆሮው ጥግ ቀረ፣ ግቢውም ቀረ።

መጀመሪያ የመጣላቸው ከሱቅ የተገዛ የሽቦ ሳጥን ነበር፤ ወለሉም ሽቦ። የጥንቸል እግር እንደ ድመት ለስላሳ መዳፍ የለውም፣ ጠጉር ብቻ ነው፤ ሽቦ ላይ ከዋለች ተረከዟ ይቆስላል። በኋላ እግሯ ስትቆም ደግሞ ጆሮዋ ከጣሪያው ጋር ይታጠፋል። እኔ ምድር ባቡር ስሠራ በፉርጎ የምንጭነው ከብት እንኳ ቀና ብሎ ይቆም ነበር። «መልሺው» አልኳት።

ልጅቷ ስልኳን አወጣች። እንግሊዝ አገር ለጥንቸል የሚሟገቱ ማኅበራት አሉ፤ ለሁለት ጥንቸል ቢያንስ 3 ሜትር በ2 ሜትር፣ ከፍታው 1 ሜትር ይሁን ይላሉ። ሜትር ተውሳ ቤቱን ለካች። ሳሎኑ እንግዳ ይበዛበታል፣ ጥንቸል ጫጫታ ያስደነግጣታል። ማድ ቤቱ እሳት አለበት። ወለሉ ሴራሚክ የሆነ፣ ፀሐይ የማይገባው፣ ቬንቲሌተር ያለው፣ 3 በ2 የሆነ ክፍል አንድ ብቻ ተገኘ። የማን እንደሆነ መናገር ያለብኝ አይመስለኝም።

ሴራሚኩ ያንሸራትታቸዋል ተብሎ ምንጣፌ ተነጠፈ። ሲደነግጡ የሚገቡበት ካርቶን ተሠራላቸው፣ ያውም መግቢያና መውጫው ለየብቻ። ቀኑን ሙሉ ድርቆሽ መብላት አለባቸው ተባለ፤ ሣር በማይበቅልበት አገር! «ገራባ ስጫቸው፣ የሰፈሩ ፍየል ይበላው የለ?» ብላት የገረመመችኝ አገረማመም እስካሁን አልወጣልኝም።

ጥርሳቸው ዕድሜ ልካቸውን ስለሚያድግ ያገኙትን ይከረክማሉ። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ጅቡቲ የኢትዮጵያን መብራት ትጠቀማለች። ያን ሁሉ ተራራና በረሃ አቋርጦ የመጣ መብራት፣ አንድ ክንድ ሲቀረው፣ አልጋዬ ሥር በጥንቸል ጥርስ ተበጠሰ! አሁን ሽቦው ሁሉ በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ገብቷል። ሙቀቱ ሲብስ ውሃ የረጋበት የሃይላንድ ጠርሙስ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀርብላቸዋል፤ እሱን ተደግፈው ይተኛሉ። እኔ ቀዝቃዛ ውሃ ስጠይቅ መልሱ «ፍሪጁ ሞልቷል፣ አባባ» ነው።

ሶማሌው ጎረቤቴ በመጣ ቁጥር «ሐላል ነው፣ መቼ ነው የምናርደው?» ይለኛል። እሱስ ተስፋ አለው። እኛ ኦርቶዶክሶች ግን ዘሌዋውያን 11 ሰኮናዋ አልተሰነጠቀም ብሎ ከልክሎናል። የተረፈኝ ድርቆሽና ጎመን መቀለብ ነው።

ጥንቸል ላሳድግ የምትሉ የሰፈሬ ሰዎች፣ ስሙኝ። መጀመሪያ ጥላውን እዩ፣ ቀጥሎ ወለሉን፣ ከዚያ ስፋቱን። ከሁሉ በፊት ግን የቤታችሁ ሽማግሌ የት እንደሚተኛ ወስኑ። እኔ ኮሪደር ላይ ነኝ፤ ኪራዩን የምከፍለው ግን ዛሬም እኔው ነኝ። ሻጩ «ሁለቱም ሴት ናቸው» ብሎ ምሎ ነበር። ትናንት አንደኛዋ የሆዷን ጠጉር እየነጨች ካርቶኑ ውስጥ ስታነጥፍ አየኋት፤ ጥንቸል እንዲህ የምታደርገው አብዛኛውን ጊዜ ልትወልድ ስትል ነው። ልጅቷም ሜትሩን ይዛ ወደ ሳሎን ስትገባ አይቻለሁ።