የተበላው ገጽ

ተረት ተረት።

የላም በረት።

በድሮ ጊዜ፣ ማለት በ2008 ዓ.ም. ባቡሩ በመስቀል አደባባይ ማለፍ የጀመረ ሰሞን፣ የቂርቆስ ውሾች ሰባት መንጋ ነበሩ። የደምበል፣ የካዛንችስ፣ የባምቢስ፣ የኦሎምፒያ፣ የፍላሚንጎ፣ የመሿለኪያና የቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን። ሌሊት ሌሊት ይናከሳሉ፤ ሲነጋ ቁስላቸውን ይልሳሉ። የደምበሉ መንጋ አለቃ መከታ ይባል ነበር።

የባቡሩን ዕቃ ይዞ ከቻይና ከመጣው ኮንቴይነር ውስጥ አንድ አይጥ ወረደ። አይጡ በመጻሕፍት መካከል ያደገ ነው፤ ያነበበውን ያስታውሳል፣ ሲርበው ደግሞ ያላነበበውን ይበላል። መከታ አስጠርቶ ጠየቀው።

«እናንተም አገር እንዲህ ትናከሳላችሁ?»

«ሰባት መንግሥታት ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ተናክሰዋል፣ ጌታዬ። በመጨረሻ ቺን የሚባለው ስድስቱን ዋጣቸው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ221 ዓመት ነው።»

«በምን ጥበብ?»

«ብዙ መምህራን ነበሩ። ኮንፊሽየስ ገዢ በምግባሩ ያስተምር፣ ታላቅና ታናሽም ወጉን ይጠብቅ ይላል። ላኦ ዙ ደግሞ ገዢ እጁን ሲሰበስብ አገር ይረጋል ይላል። ሻንግ ያንግ ግን ሽልማትና ቅጣት ይበቃል አለ። ቺን የሰማው እሱን ነው።»

«ከዚያስ በኋላ ምን ሆነ?»

«ከዚያ በኋላ ያለውን ገጽ በልቼዋለሁ።»

«ይጣፍጣል?»

«እጅግ።»

«እንግዲያስ በደኅና ነው ያለቀው» አለ መከታ።

ጉባኤ ተጠራ። ከበዓል የተረፈ አንድ በግ ነበርና አያ በግ ተነሥቶ የኮንፊሽየስን ነገር ደገፈ፤ ስለ አቀማመጥና ስለ እጅ መንሣት ረጅም ንግግር አደረገ። ንግግሩ ሳያልቅ ውሾቹ ተኙ። የላኦ ዙን ነገር እንዲያስረዳ ካዛንችስ ከአንድ ሆቴል አትክልት ውስጥ ኤሊ ተጠርቶ ነበር። መንገድ ጀምሯል ተባለ። እመት ድመት ግን በጊዜ መጥታ ከፊት ተቀመጠች፤ አፏን ጠርጋ «አንድ አጣና ስጡኝ» አለች።

አጣናውን ከደምበል ሕንፃ ጀርባ አስቆመችና አዋጅ አስነገረች። ይህን አጣና ጎትቶ ወደ ሕንፃው ፊት ያመጣ አሥር አጥንት ይሸለማል። ውሾቹ ሳቁ። ለዚህች ሥራ አሥር አጥንት የሰጠ መንግሥት ታይቶ አይታወቅም። ሽልማቱን ወደ አምሳ ከፍ አደረገችው። አንድ አንካሳ ውሻ ለቀልድ ጎትቶ አመጣው፤ አምሳውንም አጥንት እዚያው ቆጥራ ሰጠችው። ሻንግ ያንግም በዘመኑ እንጨት አስቆሞ፣ አሥር ወርቅ ብሎ፣ አምሳ ከፍሎ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ እመት ድመት ያለችው አይቀርም ተባለ።

በማግስቱ ሕግ ወጣ። ውሾች ሁሉ አምስት አምስት ሆነው ይጻፉ። አንዱ ቢሰርቅ አምስቱም ይነከሳሉ፤ ቀድሞ ያጋለጠ ይሸለማል። እያንዳንዱ ውሻ ቁጥር ያለው ቆርኪ አንገቱ ላይ ያንጠልጥል፤ ቆርኪ የሌለውን ያሳደረ እንደ ሌባ ይቆጠራል።

እህል የሚጭነው ሽማግሌ አህያ ይህን ሰምቶ፣ «ጎጃም እያለሁ ይህን የመሰለ ነገር አይቻለሁ» አለ። «ነገር ሲጠፋ የአገሩን ሰው ሜዳ ላይ ይሰበስቡና ጥፋተኛው እስኪወጣ አያሰናብቱም። አውጫጭኝ ይሉታል። ሸዋ ደግሞ አፈርሳታ ነው። ጥፋተኛው ሲገኝ ግን ሁሉም ወደ ቤቱ ይሄዳል።»

«የእኛ ይሻላል፣ አያ አህያ» አለች ድመት። «የእኛ አንዴ ከተሰበሰበ አይሄድም።»

ሌብነት ቀረ። ደምበል ፊት ለፊት የወደቀ አጥንት ሦስት ቀን ቢያድር የሚነካው ጠፋ። ውሻና ውሻ ሲገናኙ ጅራት መቁላት ትተው ቆርኪ መቁጠር ጀመሩ።

አንድ ሌሊት እመት ድመት ከካዛንችስ ስትመለስ ዝናብ ያዛት። ጎርፍ ስትዘል ቆርኪዋ ወደቀ። አንዱን በር አንኳኳች።

«ቆርኪ?» አለ በረኛው።

«እመት ድመት ነኝ። ሕጉን ያወጣሁት እኮ እኔ ነኝ!»

«እንዲያ ከሆነ ሕጉን ታውቂዋለሽ» ብሎ ዘጋ።

አምስት በር አንኳኳች፤ አምስቱም አንድ ዓይነት መለሱላት። ሲነጋ ዘቡ ቆርኪ የሌለው እንስሳ መያዙን አስመዘገበ፤ አምሳ አጥንትም ተሸለመ። አይጡ ከበላቸው ገጾች በአንዱ ላይ ሻንግ ያንግ ጌታው ሞቶበት ሲሸሽ፣ የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት የሻንግ ያንግን ሕግ ጠቅሶ እንዳላሳደረው፣ በዚያው በ338 ከክርስቶስ ልደት በፊት እንደተገደለ ተጽፎ ነበር።

ድመት ብትሞትም ሕጉ ሠራ። በአንድ በጋ መከታ ስድስቱን መንጋ ዋጠ። የቺን ንጉሥ ሚዛኑን፣ ጽሕፈቱንና የጋሪውን ዘንግ ስፋት አንድ አድርጎ ነበርና መከታ ደግሞ የጅራትን ርዝመት አንድ አደረገ። ልኩ የራሱ ጅራት ሆነ። የረዘመበት ተቆረጠ፤ ያጠረበት ደግሞ የጎደለውን በአጥንት እንዲከፍል ተፈረደበት። ጩኸትም አንድ ሆነ፦ ሁለት ጊዜ፣ እንደ ደምበል ውሻ።

ሽማግሌ ውሾች ግን ሌሊት ሌሊት እየተደበቁ የኦሎምፒያን፣ የባምቢስን የድሮ ዜማ ያላዝኑ ነበር። ከመከታ ትከሻ የማይወርድ አንድ ቁራ ነበር። «ጌታዬ፣ የድሮውን የሚያላዝን አዲሱን ያማል» አለው። አይጡም ካልተበላ ገጽ ጠቅሶ አረጋገጠ፤ ቺን በ213 የድሮ ታሪክና መዝሙር መጻሕፍትን አቃጥሏል፣ የሕክምናን፣ የጥንቆላንና የእርሻን ብቻ ትቷል። ስለዚህ ስለ ቁስል፣ ስለ ዝናብና አጥንት ስለተቀበረበት ቦታ ካልሆነ በቀር ማላዘን ተከለከለ። አንዲት አሮጊት ውሻ የሞተ ልጇን አልቅሳ ተያዘች። ስለ ቁስል ነው አለች። ቁስሉን አሳዪ ተባለች።

በሚያዝያ መከታ ግዛቱን ሊጎበኝ ወጣና ፍላሚንጎ ሲደርስ ሞተ። ቁራውና አይጡ ተያዩ። ሬሳውን በአህያው ጋሪ ጫኑት፤ ሸራ አለበሱት፤ ከምግብ ቤት ጓሮ የዓሣ ጭንቅላት ለቅመው ከላይ ቆለሉበት። ጋሪው በኦሎምፒያ በኩል ወደ ደምበል ሲመለስ ውሾች ግራና ቀኝ ተሰልፈው ጠበቁት። የሞተ ውሻንና የዓሣን ሽታ የማይለይ አፍንጫ ከመካከላቸው አንድም አልነበረም።

«ምን ይሸታችኋል?» አለ ቁራ።

«ዓሣ!» አሉ ሁሉም፣ ሁለት ሁለት ጊዜ።

በዚያ መንገድ ላይ ከሸራው ሥር ሦስት አዋጅ ወጣ። ሦስተኛው ታላቁ ልጅ ራሱን እንዲገድል የሚያዝ ነበር፤ ልጁም ታዛዥ ነበርና ታዘዘ። ታናሹ ነገሠ።

ቁራው ማን ወዳጁ፣ ማን ጠላቱ እንደሆነ ማወቅ ፈለገ። አንድ ፍየል እየነዳ ጉባኤ ገባና፣ «ለጌታዬ ፈረስ አምጥቻለሁ» አለ። ትንሹ ንጉሥ ሳቀ፤ «ይሄማ ፍየል ነው» አለ። ቁራው ወደ ተሰብሳቢው ዞረ። እኩሌታው ፈረስ ነው አሉ። ሌሎቹ ዝም አሉ። ሦስት ውሾች ፍየል ነው አሉ፤ ከዚያ ወዲያ አልታዩም። በመጨረሻ ፍየሉ ራሱ ተጠየቀ። ፍየሉ ቁራውን አየ፣ ቢላዋውን አየ፣ አሽካካ።

ሐምሌ ገባ። ዘጠኝ የካዛንችስ ውሾች ከግንፍሌ ማዶ ዘብ እንዲቆሙ ታዘዙ። ወንዙ ሞልቶ አላሻግር አላቸው። ከዛፍ ሥር ተጠልለው ተመካከሩ።

«የዘገየ ቅጣቱ ምንድን ነው?»

«ሞት።»

«ያመፀስ?»

«ሞት።»

«አሁን ስንት ሰዓት ነው?»

«ዘግይተናል።»

ተነሡ። ቆርኪያቸውን በጥሰው ወደ ደምበል ሮጡ፤ ያያቸው ሁሉ ተከተላቸው። መጀመሪያ የተነሣው ውሻ ብዙም ሳይቆይ በራሱ ጋሪ ነጂ ተገደለ። ደምበል የገባው ከኋላ የመጣው የመሿለኪያው ቡቺ ነው። በቺንም እንዲሁ ሆኗል፤ አመፁ በ209 በዝናብ በዘገዩ ምልምሎች ተጀመረ፣ ስድስቱን የዋጠው መንግሥትም በ15ኛው ዓመቱ ፈረሰ። ያም ገጽ ተበልቷል።

ድል ያደረጉት ሁሉ ወደ አጥንቱ ጎተራ ሲሮጡ አይጡ ብቻ ወደ መዝገብ ቤት ሮጠ።

ቡቺ ደረጃው ላይ ወጥቶ ተናገረ። «የድሮው ሕግ ሁሉ ተሽሯል። ሦስት ብቻ ይበቃናል። የገደለ ይገደላል። ያቆሰለና የሰረቀ እንደ ጥፋቱ ይቀጣል። ሂዱ፣ እንደፈለጋችሁ ጩኹ!» ሌሊቱን ሙሉ ሰባቱም ዜማ ተሰማ፤ ደምበል አካባቢ እንቅልፍ የወሰደው አልነበረም።

በሳምንቱ አያ በግ ባርኔጣ አድርጎ መጣ። ቡቺ ወግ አይወድም ነበርና እግሩን አንሥቶ ባርኔጣው ላይ ሸናበት። በጉ ባርኔጣውን አራገፈና፣ «ጌታዬ፣ እራት ላይ ውሾቹ እርስዎን ገፍተው ሲበሉ አይቻለሁ» አለ። ቡቺ አሰበ። በጉ ማን ከማን ቀጥሎ እንደሚቆም፣ ማን ስንት ጊዜ እጅ እንደሚነሣ አንድ ወር አለማመዳቸው። በበዓሉ ቀን ውሾቹ በተራ አጎንብሰው ሲያልፉ ቡቺ፣ «መንገሥ እንዲህ እንደሚጣፍጥ ዛሬ ገና አወቅሁ» አለ።

በዚህ መካከል ኤሊው ደረሰ። «ገዢ እጁን ይሰብስብ» አለና ዐረፈ። ይህ ምክር ለቡቺ ከሁሉ በላይ ተስማማው። እጁን ሰብስቦ ተኛ።

ሲነቃ አይጡ ከፊቱ ቆሟል፤ ከመዝገብ ቤት ያተረፈው ወረቀት ተቆልሏል። የእያንዳንዱ ውሻ ቁጥር፣ የጅራቱ ልክ፣ አብረውት የተጻፉት አራቱ፣ ሁሉም አለ።

«ይህን አልበላኸውም?» አለ ቡቺ።

«ይህ አይበላም፣ ጌታዬ። ሦስቱ ሕግ ለሳምንት በቅቷል፤ ለዓመት ግን አይበቃም። ዘጠኝ አድርጌዋለሁ።»

«እንደ ድሮው ነው?»

«በፍጹም። በአዲስ ወረቀት ነው የጻፍኩት።»

ቡቺ አዛጋና መዳፉን አተመበት። በማግስቱ ውሾቹ አምስት አምስት ሆነው ተሰለፉ፤ አያ በግ ከፊት ቆሞ ቆርኪ በሁለት እጅ እንዴት እንደሚቀበሉ አሳያቸው።