ስለ ፍጥነት በእንግሊዝኛ ተሳስቶ የማውሪያ ዘዴ፦ ከእንጦጦ ዳገት

ስለ ፍጥነት በእንግሊዝኛ አውርቶ ሁሉንም ነገር ለማዛባት የሚሻ ሰው ማልዶ እንጦጦ ይውጣ። ሽሮ ሜዳን አልፎ፣ ዳገቱን ጨርሶ ማርያም ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ሲደርስ በባሕር ዛፉ መካከል ተከታትለው የሚሮጡ አትሌቶች ያገኛል። አብሮት አንድ የውጭ አገር እንግዳ ካለ ዝግጅቱ ተሟላ። ከዚህ በኋላ የሚቀረው «ፋስት»፣ «ኩዊክ»፣ «ሃሪ»፣ «ሄይስት» እና «ሰደን» የሚባሉትን ቃላት በሙሉ «ፈጣን» ብሎ መሸምደድ ብቻ ነው።

መጀመሪያ «ቶሎ» የምትለዋን ቃል ይያዝ። አትሌቷ «ጠዋት ቶሎ ተነስተን ወጣን» ስትል በማለዳ ማለቷ ነው። «ቶሎ እመለሳለሁ» ብትል ሳልቆይ ማለቷ ነው። አሠልጣኟ «ቶሎ ቶሎ በይ!» ቢላት ደግሞ እግርሽን አፍጥኚ ማለቱ ነው። አማርኛ ሦስቱን ጭነት በአንድ አህያ ላይ ሲጭን፣ እንግሊዝኛ «ኧርሊ»፣ «ሱን» እና «ኩዊክሊ» ብሎ ለየብቻ ያጓጉዛቸዋል። መሳሳት የፈለገ ሦስቱንም «ኩዊክሊ» ይበላቸው። እንግዳውም አትሌቷ ቤቷ እንደተቃጠለባት ሰው ከአልጋዋ ተስፈንጥራ የምትነሳ ይመስለዋል።

ቀጥሎ፣ ፈጣን ሯጭ ሁሉ ችኩል ነው ብሎ ያስረዳ። ይህ ስህተት ከሩቅ ሲያዩት እውነት ስለሚመስል በቀላሉ ይሠራል። ጠጋ ብሎ ላየው ግን እንጦጦ ላይ ፈጣን እግሮች ብዙ ጊዜ የሚሮጡት ቀስ ብለው ነው። አንዱ በዛፎቹ መካከል ወዲያና ወዲህ እየተጠማዘዘ ይመራል፤ ሌሎቹ እግር በእግር ይከተሉታል። ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ገና ሲጀምር የተጣደፈ ሰው ትንፋሹን ለዳገቱ አስረክቦ ይቀራል። «ፋስት» በሰዓት የሚለካ ነገር ነው። «ሃሪ» ግን በሰውየው ልብ ውስጥ ያለ ጥድፊያ ነው፤ ታክሲ እንዳያመልጠው የሚንደረደር ሰው በጥድፊያ ላይ ቢሆንም ፈጣን ላይሆን ይችላል። «ሄይስቲ» ሲባል ደግሞ ሳያስቡ መወሰንን ስለሚጨምር ወቀሳ አለበት። አማርኛም ልዩነቱን ጠንቅቆ ያውቃል፤ ፈጣን መባል ምስጋና፣ ችኩል መባል ነቀፋ ነው። አፍስሶ ለቀመ የተባለውም የቸኮለው እንጂ የፈጠነው አይደለም።

የዚህ ሙያ ቁንጮ ግን «ሰደን» ነው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ አበበ ቢቂላ ከሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም ጋር ጎን ለጎን ሲሮጥ ቆይቶ፣ መጨረሻው ሲቃረብ ጥሎት ሄደ። ማራቶኑን በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሰከንድ ጨረሰ፤ ራዲ የገባው ከ25 ሰከንድ በኋላ ነው። ያ እርምጃ ለራዲ ድንገተኛ ነበር። ለአበበ ግን አልነበረም። ከአሠልጣኙ ከኦኒ ኒስካነን ጋር መንገዱን አስቀድሞ ቃኝቶ፣ ያን ጊዜ ሮም ቆሞ የነበረው የአክሱም ሐውልት አጠገብ ሲደርስ እንዲፈተለክ አስቦበት ነበር። ድንገትነት ያለው በተመልካቹ ዘንድ ነው፤ አድራጊው ሲዘጋጅበት ሰንብቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ለመሳሳት የሚተጋ ሰው አበበ «በችኮላ» አሸነፈ ይበል። በአንድ ቃል አሠልጣኙንም፣ ዕቅዱንም፣ ሐውልቱንም ከታሪኩ ያጠፋቸዋል።

የከተማዋ ታሪክም በዚሁ መንገድ ይበላሻል። አስጎብኚው ምኒልክ ከእንጦጦ ወደ ፊንፊኔ «ሰደንሊ» ወረዱ ቢል ስህተቱ የተዋጣለት ነው። እቴጌ ጣይቱ አዲስ አበባን የቆረቆሩት በ1879 ዓ.ም. ነው፤ ምኒልክ ዘውድ የጫኑት ግን ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም.፣ እዚያው ጋራው ላይ፣ በእንጦጦ ማርያም ነው። ዓመታት የፈጀ ቁልቁለት ድንገት አይባልም።

ቁልቁለት ከተነሳ ዘንድ፣ «አብራፕት» የሚለው ቃል ከላቲን «ተገንጥሎ የተቆረጠ» ከሚለው የመጣ ነው፤ ቀጥ ያለ ገደልንም፣ ሳይታሰብ የተቋረጠ ንግግርንም ይገልጻል። «ፕረሲፒተስ» ገደላማ ማለት ሲሆን «ፕረሲፒቴት» ሳይመከርበት ለተወሰደ እርምጃ ይነገራል፤ «ፕረሲፒቴሽን» ደግሞ በሐምሌ ጋራውን የሚያለብሰው ዝናብ ነው። የሦስቱም ሥር በጭንቅላት ወደ ታች መውደቅ ነው። መሳሳት የሚሻ ያገላብጣቸው፤ ውሳኔውን ገደላማ፣ ገደሉን ችኩል ያድርገው።

ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሲገባ «ፋስት» ጾም ይሆናል። የቃሉ የጥንት ትርጉም ጽኑ፣ ጥብቅ የሚል ነበር፤ ስለዚህ «ፋስት አስሊፕ» የተባለው ሰው እንቅልፍ የከበደው እንጂ ቶሎ የተኛ አይደለም። «ኩዊክ»ም ድሮ ሕያው ማለት ነበር። በቆየው የእንግሊዝኛ ጸሎተ ሃይማኖት ሕያዋን የተጠሩት በዚሁ ቃል ስለሆነ፣ ይህን ያላወቀ ተርጓሚ በፍርድ ቀን ፈጣኖችን ከሙታን ጋር ያቆማቸዋል። «ራሽ»ን በፊደላችን የሚጽፍ ሰው ደግሞ ሳይለፋ ይሳሳታል፤ ጥድፊያውም፣ ግብታዊነቱም፣ በቆዳ ላይ የሚወጣው ሽፍታም ሲጻፉ አንድ ናቸው።

እስካሁን ያለው ስህተት ዋጋው እፍረት ነው። የሚቀጥለው ግን ሕይወት ስለሚያስከፍል ማንም እንዳይሞክረው።

እንግሊዝኛ በአንድ ቃል «ኢመርጀንሲ» የሚለውን አማርኛ ለሁለት ከፍሎታል፦ የሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል ሲባል፣ የመንግሥቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ይባላል። ድንገተኛ ስለ አመጣጡ ይናገራል፤ አስቸኳይ ስለሚጠይቀው ምላሽ። በባዕድ አገር እናቱን ሐኪም ዘንድ ወስዶ የሚያስተረጉም ልጅ ይህን ክፍፍል ይዞ መግባት አለበት። ሐኪሙ ሕመሙ «ሰደን» ነበር ወይ ብሎ ሲጠይቅ፣ ደህና ከነበሩበት በአንድ ጊዜ ጀመራቸው ወይስ እያደር መጣባቸው ማለቱ ነው። ልጁ «ፋስት» መስሎት ስለ ልብ ምት ቢያስረዳ፣ ሐኪሙ የሚፈልገው መልስ እዚያው ጠፍቶ ይቀራል።

በስትሮክ ጊዜ ሁለቱ ቃላት ጎን ለጎን ይቆማሉ። ምልክቶቹ፣ የፊት መጣመም፣ የአንድ ክንድ መዛል፣ የንግግር መኮላተፍ፣ የሚመጡት ድንገት ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች እነዚህን ለማስታወስ የሠሩት ምኅጻረ ቃል ደግሞ «ፋስት» ነው፤ ፊት፣ ክንድ፣ ንግግርና ጊዜ ከሚሉት ቃላቶቻቸው የመጀመሪያ ፊደላት የተገጣጠመ። ሕመሙ ድንገተኛ፣ እርዳታው ፈጣን። ያየ ሰው ምልክቱ የጀመረበትን ሰዓት ይያዝ፤ እስኪሻለው ልጠብቅ አይበል። አዲስ አበባ ውስጥ የቀይ መስቀል አምቡላንስ የሚጠራው በ907 ነው።