ጡረታ ለደካሞች ነው

ያረጀ ቦክሰኛ ጓንቱን ሰቅሎ ይረፍ የሚሉ ሰዎች ያናድዱኛል። ኃይሌ ገብረሥላሴ እንኳ በጥቅምት 2003 ዓ.ም. ኒውዮርክ ላይ ጉልበቱ አስቸግሮት ማራቶኑን ሲያቋርጥ ከሩጫ መሰናበቱን አስታወቀና ብዙም ሳይቆይ ሐሳቡን ቀየረ። ግን ሩጫ ምን ዋጋ አለው? ለደከመ ሯጭ ቡጢ የሚያቀምሰው የለም።

ማይክ ታይሰንን እዩት። በ1997 ዓ.ም. የተሰናበተው ሰውዬ በኅዳር 2017 ዓ.ም.፣ በ58 ዓመቱ፣ ቴክሳስ ላይ ከ27 ዓመቱ ጄክ ፖል ጋር ገጠመ። ቀደም ብሎ በጨጓራ ቁስለት ታሞ ስለነበር የግጥሚያውን ቀን አራዘሙለት፤ አሳቢዎች ናቸው! ዙሩንም ከሦስት ደቂቃ ወደ ሁለት ዝቅ አደረጉት። ስምንቱንም ዙር ቆሞ ጨረሰ፤ በዳኞች ሙሉ ድምፅም ተሸነፈ።

እኛ ጎጃሞች ይህን ጥበብ ቀድመን እናውቀዋለን። በሀዲስ ዓለማየሁ ልብ ወለድ ውስጥ ፊታውራሪ መሸሻ በስተርጅና ገበሬ ላይ ዘምተው የለ? መማረካቸው ሌላ ጉዳይ ነው።

እናም ደብረ ማርቆስ ውስጥ ጡረታ የወጣ ቦክሰኛ ካለ፣ ጋሼ፣ ይመለሱ! ዓይንዎ ከደከመ ቡጢው ሲመጣ ስለማያዩት አይፈሩም። ያለፈውን ሽንፈት ከረሱ ሞራልዎ ሙሉ ነው። እጅዎ ከተንቀጠቀጠ ተጋጣሚዎ በየት በኩል እንደሚመቱት ግራ ይገባዋል። ወደ ሪንጉ በቃሬዛ ቢመጡም አይፈሩ፤ የመመለሻዎ ነገር አስቀድሞ አለቀ ማለት ነው። እኔም ከጎንዎ ነኝ፤ ማለቴ፣ ከገመዱ ወዲህ ባለው ወንበር ላይ።